የተጨመረ ዕድሜ

በግራ እጄ አንጓ ውስጥ ብረት አለ። ባጃጄ ወረታ መግቢያ ላይ የተገለበጠ ጊዜ አንድ ሐኪም ቀዶ አጥንቱን ገጠመና ብረት አስገብቶ በብሎን አሰረው። ዛሬ መሪ ስይዝ ትዝም አይለኝ፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ትንሽ ይነዝረኛል።

ስለዚህ እናቴ የወደቀች ዕለት ነገሩን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ከወንዝ ዳር የሸክላ አፈር ተሸክማ ስትመለስ የሩዝ ማሳው ጠርዝ አዳለጣትና በቀኝ መዳፏ አረፈች፤ አንጓዋ ተሰበረ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እኔንም ያሳደገችኝ ድስት ሸጣ ነው። የድስቱን አፍ የምታቃናው በዚያች እጅ ነው፤ አንጓዋ ካልዞረ ሥራው የለም።

ባሕር ዳር ስንደርስ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል በሰው ተጨናንቋል። ለአረጋውያን ቅድሚያ ይሰጣሉ። የእናቴን ዕድሜ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ከሃምሳ አምስት ግን አትዘልም። ለጸሐፊዋ "ሰባ አልፏታል" አልኋት። እሳትና ፀሐይ የበላው ፊት ስላላት ማንም አልጠረጠረም። ወዲያው አስገቡን፤ በብልጠቴ ኮራሁ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ፤ ቀጥሎ ካርዱን አነበበ።

"እንደ አንተ ላለ ጎልማሳ ቢሆን ብረት አስገባ ነበር" አለኝ። "በእሳቸው ዕድሜ ግን ጄሶ ይበቃል። ትንሽ ተጣሞ ቢድንም ለቤት ሥራ አያንሳቸውም። ለመሆኑ በእጃቸው ምን ይሠራሉ?"

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተማሪ ቤት አጠገቤ መቀመጥ የሚፈልግ አልነበረም።

"ቤት ነው የምትውል" አልሁት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ጄሶው ሲፈታ እጇ ትንሽ ተጣሞ ድኗል። ውኃ ትቀዳበታለች፣ ታጥብበታለች፣ ጎረቤት ሁሉ እግዜር ይመስገን አለ። ድስቱ ብቻ እምቢ አላት። አፉ ላይ ስትደርስ አንጓዋ ቀጥ ይላል፤ ድስቱም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ገበያ ላይ ሴቶቹ አንሥተው ያዩትና መልሰው ያስቀምጡታል። አፈርሁ፤ አሁንም አፍራለሁ።

አንድ ቀን ጭቃ ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

"እማዬ፣ ያን ጊዜ ለሐኪሙ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ሰምቻለሁ። ከጎንህ አልነበርሁም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ላርገው?"

በእጇ የያዘችውን ድስት ዙሪያውን አየችው። ከዚያ በጡጫዋ ደፍጥጣ ወደ ጭቃው መለሰችው፤ እንደገናም ማድቦልቦል ጀመረች።

"ይልቅ ሰባ ሲሞላኝ ንገረኝ" አለች። "ያኔ ቤት እውላለሁ።"