በልጄ የማልሁት መሐላ

ፊቴ ክፉ ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማዋረድ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ቆቦ ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ሌባ ሆኜ ጀመርሁ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላም ዕድገቴ ከሌባ ወደ ነፍሰ ገዳይ፣ ከነፍሰ ገዳይ ወደ ከሀዲ ባል ነበር። አንድ ጊዜ ሐኪም ሆኜ ልጫወት ብዬ ብለምን ዳይሬክተሩ ፊቴን አየት አድርጎ፣ "በሽተኛው ተነስቶ ይሮጣል" አለኝ። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሴቶች ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ለምጄው እስቃለሁ።

ሳቄን ያስተወኝ የመጨረሻው ተከታታይ ድራማ ነው። እህል ነጋዴ ነበርሁ። የታናሽ ወንድሜን የውርስ መሬት ነጥቄ ሽማግሌ ፊት እክዳለሁ፤ እጄን አንስቼም፣ "ነክቼ እንደሆነ ልጄን ይንሳኝ" እላለሁ። ድርሰቱ ላይ የተጻፈልኝ እንዲህ ነበር። ዳይሬክተሩ ዓይኔ ውስጥ እንባ ፈልጎ፣ "ድገመው" አለ። ደገምሁት። አሁንም "ድገመው" አለ። ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ስንምል ዋልን።

እናቴ የምትኖረው ቆቦ ነው። የልጄ እናት ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ልጄን የምታሳድግልኝ እሷ ናት። ድራማው በታየ ቁጥር ትደውልና፣ "ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልህ?" ብላ ትስቃለች። ያ ክፍል የታየ ቀን አልሳቀችም።

"ያልኸውን ሰማሁ" አለችኝ።

"ድራማ እኮ ነው፣ እማ።"

"አፉ ያንተ አይደለም?" አለች። ቀጥላም፣ "ስንቴ አልኸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቴሌቪዥኑ ያሳየው አንዴ ብቻ ነው። እናቴ ቀረጻ ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም። ጥያቄው ከየት እንደመጣላት እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሷም "ያ አላህ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በኛ ቆላ በልጅ መማል የመጨረሻው በር ነው። እውነት የያዘ ሰው እንኳ በልጁ ከሚምል መሬቱን ቢተው ይመርጣል። ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ጣሪያው የወረደ ባዶ ቤት አለ። ልጆች ሳለን እዚያ ስንደርስ ወሬ እናቆም ነበር። ባለቤቱ ምን ብሎ እንደማለ ሁሉም ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም።

ክረምቱ እንደወጣ እናቴ እንደገና ደወለች። "ልጅቷን አተኩሷታል፣ ና" አለችኝ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ ተነሳሁ። ቆቦ ሳንደርስ ጎብዬ ከተማ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ውሃ ልገዛ ስወርድ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ፊቴን አወቀችው። ቦርሳ አልነበራትም። ጎኗ የቆመውን ልጇን በሻሿ ሸፍና ወደ ራሷ ሳበችውና ለጎረቤቷ፣ "ያ በልጁ የማለው" አለቻት። ውሃውን ሳልገዛ ተመለስሁ። ፈርቼ ነበር።

ልጄ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፤ እጇ ይፋጃል። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ብለው ክኒን ሰጥተዋታል። እኔም ወባ ነው አልሁ፤ በቆላ በዚህ ወር ወባ ብርቅ አይደለም። እናቴ ክኒኑን ሰዓቱን ጠብቃ ካስዋጠቻት በኋላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ "ይሄ ለወባው ነው። አንተ ለመሐላው ተነስ" አለችኝ።

ወደ አንድ አዛውንት ሼህ ዘንድ ወሰደችኝ። ግቢያቸው ውስጥ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገሩን ከእናቴ ሰሙ።

"የማንን መሬት ነው የካድኸው?" አሉኝ።

"የወንድሜን።"

"ወንድም አለህ?"

"የለኝም።"

"መሬቱስ?"

"እሱም የለም፣ ሼሁ።"

በዚህ ስቀው የሚያሰናብቱን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "የበደልኸው ሰው ቢኖር ጠርተነው አፉ ይልህ ነበር፤ እሱ ይቅር ሲል እኛ ዱዓ አድርገን መሐላውን እንፈታዋለን። የሌለ ሰው እንዴት አድርጎ አፉ ይበልህ?"

እናቴ ክንዴን ያዘች። ድንገት ወንድሜ ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ትዝ አለኝና ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቼ አዲስ አበባ ደወልሁለት። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ድምፄን ሲሰማ ግን ተወው። ከዚያ በዚያው በድራማው ድምፅ፣ ሳግ እየተናነቀው፣ "ወንድም ጋሼ፣ አፉ ብዬሃለሁ" አለ። እናቴ አለቀሰች።

ሼሁ ስልኩን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "ይሄም እንዳንተው ነው። ደህና አድርጎ አስመሰለ" አሉ። ዱዓውን አደረጉልን፤ ተፈታ ግን አላሉም።

ልጄ ዳነች። ትኩሳቱ ለቀቃትና ምግብ አምጡልኝ አለች። እኔ ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ ወባ ነበር እያልሁ አወራሁ።

የምመለስ ዕለት ሻንጣዬን ይዤ ባጃጅ ስጠብቅ ከአጥሩ ጀርባ የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ድራማዬን እየተጫወቱ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌ ሆነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ እህል ነጋዴው ናት። ያን ክፉ ፊቴን አድርጋ፣ እጇን ልክ እንደኔ ከፍ አደረገች። የሚማልበት ልጅ የላትም፤ ያላትን አስገባችበት።

"ነክቼ እንደሆነ አባቴን ይንሳኝ" አለች።

"ድገሚው" አሉ ሽማግሌዎቹ እያጨበጨቡ። ደገመችው።

ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። ባጃጁ መጥቶ ጡሩምባውን ይነፋል። ሻንጣውን ጥዬ ሄድሁና ልጄ ፊት ተንበረከክሁ። ድራማ እኮ ነው፣ ወባ ነበር እኮ፣ ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስንቴ አልሽው፣ የኔ ዓለም?"

ጣቶቿን ዘርግታ መቁጠር ጀመረች። አንዱ እጇ ሲሞላባት ሁለተኛውን አነሳች።