ለድምፅ ሙከራ

የሆቴሉ አስተናጋጅ ዘርፉ የጊታር ተጫዋቹን ስም አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከቢሾፍቱ በሚኒባስ ይመጣል። በአዳማ ሙቀት እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። እንግዳው ሲሞላ ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ይበራሉ፤ ሰው ቢራውን ትቶ በስልኩ ይቀርፀዋል፣ ያፏጭለታል። ለዘርፉ ግን ያ ሁሉ ሩጫ ፍሬኑ የተበጠሰ ባጃጅ ነው የሚመስላት።

እሷ የምትወደው አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ ወንበር ስትደረድር የሚጫወታትን ዝግ ያለች ዜማ ነው። ግማሿን ይጫወትና ያቆማል፤ ዘፋኝ እስክትገባለት የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆይቶ ይቀጥላል።

"ጋሼ፣ ይቺን ለምን ለሰው አይጫወቷትም?" አለችው አንድ ቀን።

"ይቺማ ለድምፅ ሙከራ ናት" አላት፣ ክር እየወጠረ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዱ ሲያቆም፣ ዘርፉ ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ እየወለወለች ሳታስበው ቀሪውን አንጎራጎረችው። እሱ ብድግ አለ። ዞር ብሎ ያየው ግን እሷን ሳይሆን፣ የሚጠብቃት ዘፋኝ የገባች ይመስል፣ በሩን ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም።

ተመልሶ ተቀመጠ። አዳራሹ ገና ባዶ ነው፤ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። ጣቶቹ ግን ዜማዋን ትተው ክሮቹ ላይ መሮጥ ጀመሩ።