ታንከር ውስጥ የደበቅሁት ገመድ

ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጨፋ ሮቢት መሄጃ ባለ አንድ የከብት ማድለቢያ ብዙ ዓመት ንብረት ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ። የውሃ ታንከሩን መለካትም የእኔ ሥራ ነበር። ጠዋትና ማታ መሰላል ወጥቼ፣ በየክንዱ የቋጠርሁትን ገመድ እስከ ታች እለቀዋለሁ። ጫፉ ላይ አሸዋ የሞላ ትንሽ የዘይት ጀሪካን አስሬበታለሁ። እስከ ስንተኛው ቋጠሮ እንደረጠበ አይቼ እመዘግባለሁ። ቀሚሴን በአንድ እጄ ሰብስቤ ስወጣ የሚያዩኝ በሬዎቹ ብቻ ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባለቤቱ ሐጂ፣ ሴንሰር የሚባል የውሃ መለኪያ አስገቡ። ከደሴ የመጣው ባለሙያ ቡጢ የምታክል ዕቃ ታንከሩ አናት ላይ ቁልቁል ገጠመ። ቁጥሩ መጋዘን ውስጥ ይታያል፤ ውሃው ሲሞላ ሞተሩን ራሱ ያጠፋል፣ ሲጎድል ያስነሳል።

ሐጂ ጆሯቸውን አስጠጉ። "ምንም አይልም'ኮ!"

"የእኛ ጆሮ አይሰማውም ሐጂ። ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያውቃል።"

"ታድሏል! እኔ ቤቴ ስጮህ የሚመልስልኝ የለም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ከመሰላል ወረድሽ፤ አልሐምዱሊላህ በይ።"

አልሁ። ገመዴን ግን አልጣልሁትም። ዕቃ ነው፣ ቢበላሽስ? እንዳይሳቅብኝ ብዬ ከነጀሪካኑ ጠቅልዬ ታንከሩ ክዳን ሥር ካለው መንጠቆ ላይ ወደ ውስጥ አንጠልጥዬ ዘጋሁበት።

በሦስተኛው ቀን የከብቶቹ መጠጫ ገንዳ ደረቀ፤ በሬዎቹ ግቢውን በጩኸት አናጉት። ቁጥሩ ታንከሩ ሙሉ ነው ይላል። ሞተሩን በእጅ አስነስተን አጠጣናቸውና ባለሙያው ተጠራ። ሐጂ ሲናደዱ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

"ፉዲ ዴሚ! ነቅለህ ይዘህልኝ ሂድ!"

ሰውየው ላብ አጠመቀው። ጨፋ ሮቢት ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሴንሰር ሊያስገጥሙ የሐጂን ቃል ይጠብቁ ነበር። ሽቦውን ደጋግሞ ፈተሸ።

"ድምፁን ከቅርብ የሚመልስበት ነገር አለ። ወፍ ገብታ ይሆን?"

ያኔ ገመዴ ትዝ አለኝ። ሰዎቹ ለምሳ ሲነሱ ወጥቼ ላነሳው እችል ነበር። ባለሙያው ግን እስከዚያ ዕቃውን ይነቅላል።

"ወፍ አይደለም" አልሁ።

መሰላሉን ወጣሁ። ገመዱን ከነጀሪካኑ ይዤ ወረድሁና ፊታቸው አስቀመጥሁት።

"የእኔ ነው። እሱ ጥፋት የለበትም።"

መጋዘን ስንገባ ቁጥሩ ወርዷል፤ ሞተሩም ተነሥቷል። ሐጂ ጀሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ወላሂ! በሬዎቼን በውሃ ጥም ልትፈጂያቸው ነበር?" ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ባለሙያው አልሳቀም። ገመዱን አንስቶ ቋጠሮዎቹን ቆጠረ።

"እትዬ፣ ይህን እንዳትጥሉት። ሴንሰሩ ልክ መሆኑን በወር አንዴ የምታመሳክሩት በዚህ ነው። ብቻ ሥሩ አታንጠልጥሉብኝ።"

ከዚያ በኋላ ገመዱ መጋዘን ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ተሰቀለ። በየወሩ መጀመሪያ ቀሚሴን ሰብስቤ እወጣለሁ፤ ሐጂ ከታች ሆነው "ወፏ ወጣች!" ይላሉ። በጡረታ እስክወጣ አልተውኝም።