ሁለት የለም

አማከለች በመሠረተ ትምህርት ሀሁን በቆጠረች ማግስት ነው ያቺን ትርፍ ክፍል ለአስተማሪ ያከራየችው፤ በሰባ ሦስት ዓ.ም. ገደማ፣ ወረታ ላይ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ላሞቿን እያለበች የምትኖር፣ ሳቅ የማያጣት ሴት ናት። ተከራዩ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበር። ስሙን ሲነግራት «ሱብራማንያም» አለ። እሷ የሰማችው «ገብረማርያም» ነው። «እሰይ፣ የማርያም ባሪያ!» ብላ ቁልፉን ሰጠችው። እሱም ሁለት ጊዜ ሊያርማት ሞከረና ተወው።

ሥጋ አይበላም። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ብታቀርብለት በሁለት እጁ ገፋው። ወተት ግን በጣሳ ይገለብጣል። «ጾመኛ እንዳልለው ወተቱ፣ ፍስከኛ እንዳልለው ሽሮው!» እያለች ትስቅበታለች።

ጉዱ ግን ጧት ነው። ጀምበር በፎገራ ሜዳ ላይ ብቅ ስትል ገላውን ታጥቦ፣ ግንባሩን አመድ ቀብቶ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ያዜማል፤ በሳንስክሪት፣ በአገሩ የጥንት ቋንቋ። ላሞቹ እንኳ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

በኅዳር የሚካኤል ማኅበር ተራ አማከለች ላይ ደረሰ። ጎረቤቷ ገላነሽ በአጥር ላይ ብቅ አለች።

«አንቺ! እኛ ድግምት ከሚደገምበት ቤት ጠላ አንቀምስም። ወይ እሱን አስወጪ፣ ወይ ጽዋው ቤትሽ አይገባም።»

«የምን ድግምት? ሒሳብ አስተማሪ እኮ ነው!»

«አመድ የሚያስቀባ ሒሳብ የት አየሽ?»

አማከለች ማሰብ ያዘች። ጽዋው ሃያ ዓመት ደጇን ዘሎ አያውቅም። እንግዳን ከነሳጥኑ ማስወጣትስ ሚካኤልን በምን ዓይን ያሳየኛል? ሮጣ የዜማ መምህሩን መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ለመነች።

«የኔታ፣ ይምጡና ይስሙልኝ። ድግምት ነው ካሉኝ ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ።»

በማግስቱ ጧት መሪጌታ በማለቢያዋ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ገላነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ከኋላ ቆመች። ህንዳዊው መምህር ማዜም ጀመረ። መሪጌታ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ። ቀጥሎ አገጫቸው ተወዛወዘ። ኋላ መቋሚያቸው መሬቱን ይመታ ጀመር።

«አራራይ! ይቺማ የኛ አራራይ ዜማ ትመስላለች! ልጄ፣ ትርጓሜው ምንድን ነው?»

መምህሩ በሚያውቃት አማርኛ ሰው ሁሉ ሴት ነው። «አንቺ የኔታ፣ ሁለት የለም። አንድ ብቻ።»

መሪጌታ ብድግ አሉ። «ሁለት የለም! እልል በይ አማከለች፣ ተዋሕዶ ነው! ከህንድ ድረስ ተዋሕዶ!»

አማከለች እልልታውን ስታቀልጠው የያዘችው ወተት ተደፋ። መምህሩ ግን መዋሸት አይችልም።

«አይደለም፣ አንቺ የኔታ። እግዚአብሔር እና እኔ፣ ሁለት የለም። ክረምት፣ ርብ ወንዝ የት? ጣና የት? ውኃ ብቻ!»

አማከለች እልልታዋን አቋረጠች። መሪጌታም ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ፈጣሪና ፍጡርማ ሁለት ነው፣ ልጄ። በዚህ አልስማማም፤ እስከ ፍልሰታ እንከራከርበታለን።»

«አላልኩም?» አለች ገላነሽ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! ድግምት ይንሾካሾካል እንጂ በጀምበር ፊት አፍ ሞልቶ አይዜምም። ይህ ምስጋና ነው። ሰውዬው ቢሳሳት እንኳ አልደገመም፤ ከቤት አይወጣም።»

በሚካኤል ቀን፣ በአሥራ ሁለት፣ ጽዋው አማከለች ቤት ገባ። ጠላውን ቀድማ የጨለጠችው ያቺው ገላነሽ ናት። ዋንጫዋን ዘረጋች።

«ሁለት የለም ብሏል፤ ለኔ ግን ሁለተኛ ቅጂልኝ!»

መምህሩ ከበሩ ሥር ወተቱን ይዞ ሳቀ። «ለአንቺ ሁለት አለ!» አላት።

ሰው ሁሉን ሴት ያደረገችው የመምህሩ «አንቺ» ይህን ጊዜ በቦታዋ ገባች።