ሰማያዊዋ ነጥብ

እትዬ ውሃ ሠላሳ አራት ዓመት አገር ሲሥሉ ኖረው አገሩን አያውቁትም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ራሳቸውም ሲጠየቁ እየሳቁ የሚመልሱት ይህንኑ ነው። ጠዋት ከቤት ወደ ካርታ መሥሪያ ቤት፣ ማታ ከካርታ መሥሪያ ቤት ወደ ቤት፣ ያውም ሁልጊዜ በአንድ አውቶቡስ። በብዕራቸው ያልተሻገሩት ወንዝ የለም፤ በእግራቸው የተሻገሩት ግን ከቢሮው በር ፊት ለፊት ያለውን የጎርፍ ቦይ ብቻ ነው።

ስሙም የወጣላቸው እዚያው ነው። በሥዕል ክፍሉ አራት ጠረጴዛ ነበር፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ ቀለም አለው። ጥቁሩ መንገድና ቤት፣ አረንጓዴው ደን፣ ቡናማው ከፍታ፣ ሰማያዊው ውሃ። ቡናማውን የያዙት ሰውዬ ቁመታቸው ከወንበራቸው ብዙም ስለማይበልጥ ሰማያዊውን የያዘችው ወጣት "ጋሼ ተራራ" አለቻቸው። እሳቸውም ብድራቸውን ለመመለስ እሷን "እትዬ ውሃ" አሏት። ጋሼ ተራራ ካረፉ ቆይተዋል፤ ያወጡት ስም ግን ከጡረታ ደብዳቤው ጋር አብሮ ቤት ገባና ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ይጠራቸዋል።

የሚሥሉበት ጠረጴዛ መስተዋት ነው፤ ከሥሩ መብራት ይበራል። ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመጣል፤ በባለሁለት ዓይኑ መነጽር ሲያዩት ጠፍጣፋው ወረቀት ብድግ ይልና ተራራው አፍንጫ ሊነካ ይደርሳል። እትዬ ውሃ በመጀመሪያው ቀን ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሸሹ ከነወንበራቸው ተገልብጠዋል። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስፍር ቁጥር የሌለው መስመር ፍቀዋል፤ መፋቅ ሲገባቸው ያልፋቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመታቸው ነው። ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ላይ፣ ልክ ሸለቆው መሐል፣ ጉድ የሆነ ነጭ ደመና ተኝቷል። ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። እንደ ደንቡ ሰው ሄዶ በዓይኑ አይቶ መመለስ ነበረበት፤ መኪናው ግን ተበላሽቶ ቆሟል፣ አለቃ ደግሞ "ካርታው እስከ ዓርብ ሳያልቅ ፊቴ እንዳትቀርቡ" ብሏል። እትዬ ውሃ መነጽሩን ጭነው አፈጠጡ። ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ቀጫጭን የእግር መንገዶች መጥተው ደመናው ውስጥ ይገባሉ። ሦስት መንገድ በከንቱ አይገናኝም፤ ሰውና ከብት የሚጠጣው ነገር አለ ማለት ነው አሉና ብዕሩን ነክረው አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አስቀመጡ። ምንጭ ማለት ነው። ወዲያው ደነገጡ። ምላጩን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። ሆድ ይፍጀው ብለው ለአለቃ አስረከቡ።

ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለእሳቸው ግን አልነበረም። ስለ ውሃ ጥም የሚናገር ዜና በሬዲዮ በሰሙ ቁጥር ያቺን ነጥብ አምኖ፣ ምላሱ ደርቆ፣ ባዶ ድንጋይ ላይ የደረሰ መንገደኛ ፊታቸው ድቅን ይላል።

ባለፈው ወር የእህታቸው ልጅ አዲስ ዕቃ ይዛ መጣች። ልጅቱ መንገድ መሪ ናት፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ወገባቸው የደረቀውን የከተማ ሰዎች እየመራች ተራራ ለተራራ ታዞራለች። ዕቃው ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ጎማ ለብሷል፣ አናቱ ላይ ጉጥ የመሰለች አንቴና አለችው።

"የእጅ ጂፒኤስ ነው አክስቴ። ነይ ግቢ እንውጣ፤ ሰማይ ካላየ አይሠራም።"

ሁለት የባትሪ ድንጋይ አጎረሰችውና ልብስ ማስጫው ሥር ቆሙ። በዕቃው ትንሽ መስኮት ላይ ትንንሽ ዘንጎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

"ዘጠኝ ሳተላይት አገኘ" አለች ልጅቱ።

እትዬ ውሃ ቀና አሉ። ሰማያዊ ሰማይና የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ። "ዘጠኙም አሁን እዚህ ከላያችን ናቸው?"

"ናቸው። ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ።"

"ከዚያ ሆነው የኔን የልብስ ገመድ ያዩታል?"

"እነሱ ምንም አያዩም። እነሱ ይጣራሉ፤ ይሄ ደግሞ ድምፃቸውን ሰምቶ የት እንደቆምሽ ያሰላል።"

እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ስድስት ሰው ከነመሣሪያው ሁለት ወር ተራራ ለተራራ ተንከራትቶ የሚለካውን፣ ይህ የሳሙና ቁራጭ የሚያህል ነገር ገመድ ሥር ቆሞ ጨረሰው! "ጋሼ ተራራ ይህን ሳያዩ መሞታቸው" አሉ፤ እውነትም አንጀታቸውን በላው።

ልጅቱ ቁልፍ ስትነካ መስኮቱ ላይ ካርታ ወጣ። እትዬ ውሃ መነጽራቸውን አደረጉ። ወንዙ ሲታጠፍ ጫፉን እንደ መንጠቆ ቆልመም ያደርጋል። ክው ብለው ቀሩ። የገዛ እጃቸው ነው።

"የድሮውን ካርታ ነው ያስገቡበት" አለች ልጅቱ ምንም ሳይመስላት። "የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ስምንት ሰው ይዤ ሁለት ቀን በእግር እዚህ ነው የምሄደው። ውሃ የምንሞላው ደግሞ እዚህች ጋ።" ጣቷን አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ላይ አሳረፈች። "ከዚህ ሌላ በዚያ አገር ጠብታ የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሳተላይት እኮ ነው አክስቴ። አይሳሳትም።"

ሳተላይቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከአፋቸው የወጣው ሌላ ነው። "አስቀድመሽ ሄደሽ አታይውም?"

"ሐሙስ ብቻዬን ልሞክረው ነው።"

"እኔም እመጣለሁ።"

ልጅቱ ጂፒኤሱ ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። "ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴ የራሱን ጉዳይ ይወቅ።"

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ መንገዱ የሚያልቅበት አወረዳቸው። እትዬ ውሃ አራት ባለሁለት ሊትር ጠርሙስ ውሃ ይዘዋል፤ ሁለቱን ለልጅቱ አሸከሟት።

"ወደ ምንጭ እኮ ነው የምንሄደው! ይሄን ሁሉ ውሃ ምን ልናረገው ነው?"

"ዝም ብለሽ ተሸከሚ።"

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ቁና ቁና እየተነፈሱ እግራቸውን ብቻ እያዩ ሄዱ። ከዚያ አንድ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ድንገት ቆሙ። "ቆይ፣ አትንገሪኝ። ከዚህ ስንወርድ ወንዝ አለ። መጀመሪያ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዚያ ሐሳቡን ይቀይርና ዞሮ ይመለሳል።"

ወረዱ። ወንዙ ወደ ግራ ሄደ፤ ከትልቅ ቋጥኝ ጋር ተጋጨና ዞሮ ተመለሰ። ልጅቱ አንዴ ጂፒኤሱን፣ አንዴ አክስቷን አየች። እትዬ ውሃ ጫማቸውን አውልቀው ገቡበት። በፀጉር ቅጥነት ያሠመሩት መስመር እስከ ጉልበታቸው አረጠባቸው፤ ይጮሃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ድንጋይ ይገፋል። ፈሩም፣ ደስም አላቸው፤ እንባቸው መጣ። ይህ ሁሉ እዚህ ነበር ማለት ነው፤ እሳቸው መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ አንገታቸውን ደፍተው በነበሩበት ዘመን ሁሉ ይኸው ሳያቋርጥ ይፈስ ነበር።

ጂፒኤሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ቀረ ሲል ጥላ ሥር ዐረፉ። ልጅቱ ጠርሙሱን አንሥታ ታንደቀድቀው ጀመር።

"ቆጥበሽ ጠጪ፣ ልጄ።"

"ለምን? ምንጩ ቀረበ እኮ።" ፊታቸውን አየችና ጠርሙሱን አወረደች። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው አክስቴ። ንገሪኝ።"

ነገሯት። ደመናውን፣ ሦስቱን መንገዶች፣ ዓርብን፣ ምላጩን። ልጅቱ የጠርሙሱን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች።

"ስምንት ሰው ነው እዚህ ይዤ የምመጣው" አለች በመጨረሻ። አትጮኽም፤ ብትጮኽ ይሻል ነበር። "የሚነግሩኝ መቼ ነበር?" ከአንቺ ወደ አንቱ ተሻገረች።

"ዛሬ" አሉ እትዬ ውሃ። "ይኸው ነገርኩሽ።"

ተነሥተው ሄዱ። ልጅቱ ከፊት ሆና የቀረውን ሜትር ብቻ ትጠራለች፤ ስምንት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ሁለት መቶ። ከፊታቸው ያለው ዳገት ቀይና ደረቅ ነው፣ የሣር ዘር አልዞረበትም። ልጅቱ ጫፉ ላይ ቀድማ ደረሰችና እንደ ግንድ ቆመች።

"ይምጡማ፣ አክስቴ።"

ከሥራቸው ሸለቆው አረንጓዴ ነው። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ሃያ የሚሆኑ ቤቶች፤ መሐሉ ላይ የሲሚንቶ ወለል፣ ወለሉ ላይ የእጅ ፓምፕ፣ ከፓምፑ ጀርባ የጄሪካን ሰልፍ። ሲደርሱ የፓምፑን ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴትዮ ተቀበለቻቸው። ጠርሙሶቹን አይታ ሳቋ መጣ።

"ምነው እናቴ! ወደ ጉድጓድ ውሃ ተሸክመው ይመጣሉ?"

እትዬ ውሃ መሳቅ አልቻሉም። "የዚህ መንደር ስም ማነው?"

"ነጥብ።"

"ምን አልሽኝ?"

"ነጥብ። ነጥብ ነው የምንለው። ቆፋሪዎቹ ናቸው ያመጡት።"

እትዬ ውሃ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ባለቁልፏ የደከማቸው መስሏት ውሃ እየቀዳች አወጋቻቸው። ድሮ እዚህ ምንጭ ነበር አሉ፤ አንድ ክረምት ዳገቱ ተንዶ በላው፣ ሰዉም አገሩን ጥሎ ሄደ። እነሱ መጥተው የሰፈሩት የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። ምንጩን በልጅነቱ ያውቅ የነበረ አንድ ሽማግሌ ቢኖርም ቦታው ጠፍቶበታል፤ ሁለት ቦታ አስቆፍሮ ሁለቱም አቧራ ሆነ። ሊተዉት ሲሉ የቆፋሪዎቹ አለቃ ያረጀ ካርታ ዘረጋ። "እዚህ ሰማያዊ ነጥብ አለ፤ ይህን የሣለ ሰው ሳያይ አይሥልም" ብሎ ማለ። "ነጥቡ ጋ፣ ነጥቡ ጋ" እያሉ ቆፈሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ውሃ ገነፈለ።

"እኔ ነኝ የሣልኩት" አሉ እትዬ ውሃ። "ሳላይ ነው የሣልኩት።"

ባለቁልፏ ኩባያውን እንደያዘች አየቻቸው። ጂፒኤሱን አየች፣ ልጅቱን አየች፤ ልጅቱ በአንገቷ አዎን አለች።

"ሳያዩ እንዲህ ካገኙት፣ ቢያዩትማ ኖሮ ባሕር ያወጡልን ነበር!" አለችና ኩባያውን እጃቸው ላይ አኖረች። ከዚያ ሳቋን ተወችና ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

ውሃው ጥርስ ያደነዝዛል። ከደመናው ሥር የነበረውን ነገር እየጠጡት ነው። ምንጩ ተቀብሮ በቆየባቸው ዓመታት ነጥቧን አምኖ የመጣ መንገደኛ እንደነበር ለመጠየቅ ፈለጉና ጠየቁም። "ያኔ እኛ የለንም፤ ማን ያውቃል እናቴ" ተባሉ። ያቺ ጥያቄ አብራቸው ትኖራለች።

ልጅቱ ጂፒኤሱን ፓምፑ ላይ አስጠግታ ጠበቀች። "ከነጥብሽ ፓምፑ ድረስ አርባ ሜትር ነው፣ አክስቴ።" አንቺ ተመልሳለች።

"ስቻለኋ!" አሉ እትዬ ውሃ ተናደው። "ቢሆንም በዚያ ካርታ ላይ የብዕሬ ጫፍ ብቻውን ሃያ አምስት ሜትር መሬት ይሸፍናል።"

"እሺ፣ ትክክለኛውን ቦታ ልመዝግበው። ስም ስጪው ይላል፤ ምን ልበለው፣ ነጥብ?"

"አምጪው፣ እኔ ልጻፈው።"

መሣሪያው የእኛን ፊደል አያውቅም፤ በላቲኑ፣ ፊደል በፊደል፣ ቁልፉን አንዴ እያሳለፉ አንዴ እየመለሱ ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው። የጄሪካኑ ሰልፍ ሁሉ ከቧቸው ነበር። ጨርሰው ሲያቀብሏት ልጅቱ ጮክ ብላ አነበበችው።

"አየሁት።"