የትሁን አንድ በሬ

ትሁን ጌታን የተቀበለችው ተናዳ ነው። ሌላው ሰው «አልቅሼ ነው፣ ሕልም አይቼ ነው» ይላል፤ እሷ እንዲያ ብላ አታውቅም። «እንዴት አመንሽ?» ሲሏት «በንዴት!» ትል ነበር፤ ደግሞም አልዋሸችም።

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ቁልቁል ሲወረድ ዋንዛ ሜዳ የሚባል ቀበሌ አለ። ትሁን እዚያ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ሁለት ልጅ ወልዳ ስትኖር ባሏ ደምሌ ለሚሊሺያ ተመለመለባት። በዓመቱ ኤርትራ ላይ መሞቱን ሰማች። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ «ለእናት አገሩ ተሰዋ» የሚል ቃል ብቻ ነው የደረሳት። ልቅሶው ሳይበርድ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ «ሬሳውስ ቀረ፤ ነፍሱንም እንዲሁ ሜዳ ላይ ልትተዪው ነው?» አላት። ተዝካር መውጣት አለበት ተባለ። ደምሌ ጥሎላት የሄደው ሁለት በሬ ነበር፣ ጓንጉልና ቦራ። ጓንጉል ታረደ። ቀሳውስቱ በሉ፣ ደብተራው በላ፣ ጎረቤቱ በላ፣ ጠላው ተንቆረቆረ፣ «ነፍሱን ይማር» ተብሎ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። በማግስቱ ትሁን ሁለት ልጅና አንድ በሬ ይዛ ቀረች።

አንድ በሬ ለገበሬ ምን ያደርግለታል? ለብቻው ቀንበር አይሸከም! ያን ጊዜ የደረሰላት ይርጋ ነው። ይርጋ የደምሌ አብሮ አደግ፣ የልጇ የማሬ የክርስትና አባት ነበር፤ እሱና እሷ «አበልጄ» እየተባባሉ ነው የሚጠራሩት። የሱም ሀብት አንድ በሬ ነው። ቦራን ከራሱ በሬ ጋር እየጠመደ፣ አንድ ቀን የሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የሷን እያረሰ፣ መቀናጆ ገብተው አምስት ክረምት አብረው ዘለቁ። ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ማለቴ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ዝም ይላል።

ቁጣ ድሮም አብሯት የተፈጠረ ነው። ዶሮ እህሏን ብትበትን ዶሮዋን ትቆጣለች፤ ዝናብ ቢዘገይ ሰማዩን አንጋጣ ትቆጣለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጣ ጊዜም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ፈንታሁን ሴቱን ሁሉ ከየቤቱ አስወጥቶ ዛፍ ሥር ሲያስቀምጥ «ጎታዬን ማን ይሞላልኛል?» ብላ ስትጮህበት ነበር። ፊደሉን ካየች በኋላ ግን የሚያስነሣት ጠፋ። አስተማሪው ዳኛቸው የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ጭምት ወጣት ነው። ከሁሉ ቀድማ ማንበብ ስትችል ጊዜ «የምታነቢው ያስፈልግሻል» ብሎ ትንሽ ሐዲስ ኪዳን ሰጣት። ስለ ራሱ እምነት ብዙ አልነገራት፤ ዘመኑም እንዲያ ያለ ነገር የሚያስወራ አልነበረም።

ክረምቱን ሙሉ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ አነበበች። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየጎተተች አንድ ቦታ ስትደርስ ቀጥ አለች። መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሰው በሥራው አይገዛውም፤ ክርስቶስ በደሙ ከፍሎ ጨርሶታል። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉን መደቡ ላይ አስቀምጣ ብድግ አለች።

«ተከፍሎ ካለቀ» አለች ብቻዋን፣ «የኔ ጓንጉል ለምን ታረደ?»

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ገሰገሰች። የንስሐ አባቷ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን መናገር ይገባል። ደምሌ የሞተ ጊዜ እንደ አባት አልቅሰውለታል።

«አባቴ፣ መዳን ስጦታ ነው ይላል። እውነት ነው ሐሰት?»

«እውነት ነው እንጂ ልጄ።»

«እንግዲያ በሬዬን ለምን በላችሁት?»

ቄሱ ክው አሉ። ተዝካር የአባቶች ሥርዓት እንደሆነ፣ ለሞተው መታሰቢያ እንደሆነ በለሆሳስ ሊያስረዷት ሞከሩ። እሷ ግን ወዴት ትሰማለች! «ማሰቡንማ መች ተውኩት አባቴ? በሬ ሳላርድም አስበው ነበር እኮ! ሌት ተቀን አስበው ነበር!» እያለች ወጣች። እቤቷ ገብታ ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ፣ አንተ በነጻ የሰጠኸውን እነሱ አስከፈሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከአንተ ጋር ነኝ፤ መሀላችን ሰው አልፈልግም» አለችው። በቃ፣ ጸሎቷ ይኸው ነው። ስትነሣ ግን ደምሌ ከሞተ ወዲህ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል ብሏት ነበር፤ መቅለሉም ገርሟት መልሳ ተቀመጠች።

ስብከቷም እንደ ጸሎቷ ነው። ዳኛቸው በዓመቱ ታስሮ ተወሰደ፣ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ሌላው ሰው ቢሆን ይህን አይቶ አፉን ይይዝ ነበር። ትሁን ግን ባንቺዓለም የምትባል መበለት ለባሏ ተዝካር ፍየሎቿን ወደ ገበያ ስትነዳ አገኘቻትና መሀል መንገድ ላይ ገተረቻት።

«ወዴት ነው? ፍየሎቹን ወዴት ነው? ስሚኝ! ለባልሽ ነፍስ ክርስቶስ ሞቶለታል። ሞቶለታል ስልሽ! ባልሽ ካመነበት አመነበት፤ ካላመነበትም ያንቺ ፍየል ከየትም አያወጣውም። የቀረሽው አንቺ ነሽ። እመኚና ተቀበዪው! ከዚያ በኋላ ደግሞ የዳነ ሰው ሆነሽ ኑሪለት፤ አትዋሺ፣ ሰው አትሚ፣ የደኻ ልጅ አትግፊ። እነዚህን ፍየሎች መልሺና ልጆችሽን ወተት አጠጪ!»

ባንቺዓለም ደንግጣ ፍየሎቿን መለሰች። በኋላም አመነች። «እኔ እኮ ስድብ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ወንጌል ኖሯል» እያለች ትስቅ ነበር።

አራት አምስት ሰው በትሁን ቤት መሰብሰብ ሲጀምር ዋንዛ ሜዳ ታመሰ። ጴንጤ ተባሉ፣ ጸረ ማርያም ተባሉ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው «ከእሷ ጋር የተቀናጀ፣ ከእሷ ቤት እሳት የጫረ ልጄ አይደለም» ብለው ገዘቱ። ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። የትሁን ማሳ ተገልብጦ፣ ተደግሞ፣ የመጨረሻውን እርሻና የጤፉን ዘር ብቻ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ያ ማሳ ካልተዘራ ልጆቿ የሚቀምሱት የላቸውም።

ይርጋ በማግስቱ ቦራን እየሳበ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«አበልጄ፣ ቦራን ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

«ምነው? ታመመ እንዴ?»

«ኧረ አልታመመም። አባ ገዝተዋል።»

ትሁን መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን! «እንዴ! በሬውም ጴንጤ ሆነ? ቦራም ማተቡን በጠሰ በለኛ!»

«ምን ላድርግ አበልጄ? ነገ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አለና ገመዱን አጥሩ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ቀና ብሎም አላያት።

ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። ጓድ ፈንታሁን ቄሶቹን አይወድም፤ ይረዳኛል ብላ ነው። እሱም ሰምቶ ሳቀ። «ቄስ ሰፊውን ሕዝብ አያዝም። ይርጋን ነገውኑ አስጠምድልሻለሁ። አንቺ ደግሞ በስብሰባው ላይ ተነሺና ያንን የኢምፔሪያሊስት ሃይማኖት ትቻለሁ በይ። ፊደል ያስቆጠርንሽ ለዚህ ነበር?»

«ፊደል ስታስቆጥሩኝ ይህን አንብቢ፣ ያንን አታንብቢ አላላችሁኝም!» ብላው ወጣች።

ቄሱም ሰው ላኩባት፤ ጠበል ተጠምቃ፣ ማተቧን አስራ፣ ይቅርታ ጠይቃ ትምጣ፣ ይርጋም ይጠምድላታል አሉ። ይኼ ነው እኮ የሚያንገበግበው! አንዱ እግዚአብሔር የለም ይላል፣ አንዱ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነኝ ይላል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ እንኳ አይሰጣጡም። አንዲትን መበለት በማሳዋ ማነቅ ሲሆን ግን ያለ አስታራቂ ተስማሙ። ትሁን ለሁለቱም «አልመጣም» ብላ ላከች።

ይርጋም ቢሆን አልቀናውም። በዚያ ወቅት በሬ ያለው ሁሉ ቀድሞ ተቀናጅቷል፤ ለይርጋ አንድ በሬ የሚሰጠው ጠፋ። ትሁን ደጃፏ ላይ ቆማ የሱን ማሳ ቁልቁል ስታይ አረም ውጦታል። ደስ አላት። እውነቱን እንነጋገር፣ በጣም ነው ደስ ያላት። ባንቺዓለም «እኅቴ፣ ጌታ ይቅር እንዳለሽ ይቅር በይው እንጂ» ብትላት «ጌታ ይቅር ይበለው፤ እኔ ገና ነኝ!» አለቻት።

ምን ዋጋ አለው፣ ያቺ መጽሐፍ አላስቀመጠቻትም። ጠላትህን ውደድ፣ ለሚጠላህም መልካም አድርግ የሚለው ላይ ደረሰች። ይህን ቄሱ ቢነግሯት ትመልስላቸው ነበር፤ ዳኛቸው ቢነግራት ትከራከረው ነበር። በገዛ ዓይኗ፣ በገዛ ጣቷ እየጎተተች ላነበበችው ማንን ትቆጣ? ጌታን ተቆጣችው።

«የኔን ማሳ አላየኸውም? አንዱን በሬ እነሱ ወሰዱ፤ ይኼን ደግሞ አንተ ልትወስደው ነው? ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው? ንገረኝ እንጂ! እሱኮ ነው ጥሎኝ የሄደው! እሱ ይምጣና ይለምነኝ!» የተጻፈው ግን ከተጻፈበት ንቅንቅ አላለም። ትሁን አልቅሳ፣ ተሳድባ፣ ደክሟት ስታበቃ ተነሥታ ቦራን ከበረት ፈታችው።

ይርጋ ደጁ ላይ ማረሻውን ሲያገላብጥ ደረሰችበት።

«እንካ!»

«ምንድን ነው አበልጄ?»

«በሬ ነው! አታውቀውም? ጥመድና እረስ!»

«ያንቺ ማሳስ?»

«የኔን ማሳ ምን አገባህ! የተገዘትከው ከኔ ነው፣ ከበሬው አይደለም፤ ያንተን እረስበት። ደግሞ ወድጄህ እንዳይመስልህ! አልወደድኩህም! ፈሪ ነህ! የደምሌን ልጆች የከዳህ ፈሪ ነህ! ታዝዤ ነው ያመጣሁት!» ገመዱን እግሩ ሥር ወርውራለት ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ነው የሄደችው፤ እንባዋም የንዴት ነበር።

ይርጋ አረሰ፣ ጤፉን ዘራ። ቦራን ሲመልስ አንድ ሸክም ድርቆሽ አብሮ አስቀምጦ፣ ሳይጣራ ሄደ። የትሁን ማሳ ጦም አደረ። ነሐሴም አለቀ፣ የጤፍ ወቅትም አለፈ።

ጳጉሜን ላይ ፈንታሁን ሕዝቡን ሰበሰበና ትሁንን አቆማት። «ትተሻል ወይስ አልተውሽም?» ቢላት «አልተውኩም» አለች። ምስክር ተጠራ፤ ምስክሩም ይርጋ ነው። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስም ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠዋል።

«ጓድ ይርጋ፣ ይህች ሴት ሰብካሃለች ወይስ አልሰበከችህም?»

ይርጋ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። «ሰብካኛለች» አለ።

ትሁን ዓይኗ ደም መሰለ።

«ምን ብላ?» አለ ፈንታሁን ደስ ብሎት።

«ፈሪ ነህ ብላ።» ሰው ሳቀ።

«ስለ ሃይማኖቱ ምን አለችህ ነው የምልህ!»

«ፈሪ ነህ አለችኝና በሬዋን ሰጠችኝ። እኔ በሷ በሬ አርሼ ዘራሁ፤ የሷ ማሳ ጦም አደረ። ሌላ ስብከት አልሰማሁም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ አንገታቸውን ደፉ። ፈንታሁን ግን ማፈሩን በጩኸት ሸፈነና «ውሰዷት!» አለ። ያን ዕለት ከተማ ወስደው አሠሯት። ልጆቿን ባንቺዓለም ወሰደች።

እስር ቤት ምን እንደሠራች መገመት አያስቸግርም። ከጠባቂዎቹ ጋር በውኃው፣ በሚሰጡት ቆሎ፣ በጩኸቱ ተጣላች፤ እሥረኞቹን ሴቶች «ምን ያስለቅሳችኋል? ጌታ እዚህ አይገባም ያለው ማን ነው?» እያለች ተቆጣቻቸው፤ አንዳንዶቹም እየተቆጣቻቸው አመኑ። ክረምት ወጥቶ፣ ሰው እህሉን ማጨድ ሲጀምር ለቀቋት።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ግራና ቀኝ የሰው ጤፍ ይታጨዳል። የኔን ዳዋ ውጦታል ብላ ነው የምትሄደው። ማሳዋ ጥግ ስትደርስ ቆመች። ሽምብራ ነው! ከዳር እስከ ዳር እሸት የያዘ ሽምብራ! አንድ ሰው በመስከረም፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ መሬቱ ርጥበቱን ሳይጨርስ አርሶ ዘርቶበታል። ያውም ሁለት በሬ ጠምዶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየው።

ልጆቿን እንኳ ሳታይ ወደ ይርጋ ደጅ ሮጠች።

«አንተ ይርጋ! ውጣ!»

ወጣ።

«ማን ፈቅዶልህ ነው ማሳዬ የገባኸው? ቦራን ማን ጥመድ አለህ? ግዝቱስ? አባ ፈቱህ?»

«አልፈቱኝም።»

«ሊቀመንበሩ አዞህ ነው?»

«የለም።»

«ታዲያ ማነው እረስላት ያለህ?»

ይርጋ ጭንቅላቱን አከከ። ከሲታ ፊቱ ላይ ፍርሃቱ አሁንም አለ፤ የትም አልሄደም።

«አንቺን በሬሽን ስጪው ያለሽ ማነው?»

«ጌታ ነዋ!»

«እንግዲያ እሱን ጠይቂው» አለ ይርጋ።

«ዝም በል!» አለችው ትሁን፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም።