ኩላሊቶቹን ያቆየሁበት ውሃ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የአይጥ ጅራት ማሞቅ ነበር። የካ ውስጥ፣ እንጦጦ ሥር ባለው ቤተ ሙከራ፣ ነባሩ ሠራተኛ ጋሽ በዳዳ አይጧን ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገቡና ጅራቷ ሞቆ ደም ሲዘዋወርበት የደም ግፊት መለኪያውን ቀለበት አጠለቁበት። «ቆይ፣ አትቸኩል። ከፈራች የምትለካው ድንጋጤዋን ነው» አሉኝ። ወሰን ሰፈር ላሉት ቤተሰቦቼ ላቦራቶሪ ገባሁ አልኩ እንጂ ስለ ጅራቱ አልተነፈስኩም።

ከዓመታት በኋላ ዋና ቴክኒሻን ሆንኩ። «ጀማል እጁ አይስትም» ይሉኝ ነበር። ሙገሳው ሳያበላሸኝ አልቀረም።

ለሊሴ ለማስተርስ ጥናቷ መጣች። ለግማሾቹ አይጦች ሰውነት ውስጥ ጨው የሚያስቀር ሆርሞንና ጨዋማ ውሃ እየሰጠን ግፊታቸውን ከፍ አደረግን። እሷ ማወቅ የፈለገችው ኩላሊታቸው ውስጥ ያሉት ሪሴፕተሮች፣ ማለትም ሆርሞኑን የሚይዙት ፕሮቲኖች፣ ምን ያህሉን እንደሚይዙ፣ በእሷ አባባል «ባይንዲንጉን»፣ ነበር። ሪሴፕተር ሙቀት አይችልም። ኩላሊቱ እንደወጣ በረዶ ላይ መቀመጥ አለበት።

የጤነኞቹን ጠዋት በበረዶ ሠራሁ። ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ የበረዶ ማሽኑም ቆመ። ግፊት ያለባቸው ገና አልተሠሩም ነበር። ዝናብ ስለነበር በረዶ ፍለጋ መገናኛ ድረስ ለመውረድ ሰነፍኩ። የእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ደግሞ እጅ ያደነዝዛል። «ይሄ ከበረዶ በምን ያንሳል?» ብዬ ኩላሊቶቹን እሱ ውስጥ አቆየሁ። መዝገቡ ላይ «በረዶ» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ለሊሴ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ጀማል፣ ግፊት ያለባቸው ላይ ባይንዲንጉ በጣም ወርዷል! ሪዛልቱ ክሊር ነው!»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ያወረደው የቧንቧው ውሃ ሳይሆን እንዳልቀረ ገብቶኛል፤ ግን ስሜ እንዳይጠፋ ፈራሁ።

ጥናቷን ባቀረበችበት ቀን ፈታኙ «ሁለቱም ቡድኖች እኩል ቅዝቃዜ ላይ ነበሩ?» ብለው ጠየቋት። እኔ ወደተቀመጥኩበት የኋላ ወንበር ዞረች። «ኩላሊቶቹን የያዙት አቶ ጀማል ናቸው። እሳቸው አይሳሳቱም።»

ሁሉም አየኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ፈረሱ እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያ ነው።

ፈተናዋን አለፈች። ለዶክትሬቷ ያንኑ ውጤት ለመድገም ሁለት ዓመት ለፋች፤ እምቢ አለ። «የኔ እጅ ነው የሚያበላሸው» ብላ ምርምሩን ተወችው። አሁን ላምበረት አጠገብ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

«ያኔ ቢነግሩኝ አይጦቹን እንደገና እናዘጋጅ ነበር» አለች። «የሚፈጀው ሁለት ወር ነበር እኮ፣ ጋሽ ጀማል።» ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ደንበኛ «ምን ልታዘዝ?» አለችው።

በረዶ ካለቀ ሥራ ይቆማል። ካልቆመ ደግሞ «ውሃ» ተብሎ ይጻፋል።